የመቅረዝ ሽማግሌዎች

ግቢ፣ ግቢ ቦሰና፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ያቺን የለስላሳ ሳጥን ገልበጥ አድርገሽ ቁጭ በይባት። ጆንያው ላይ አይሆንም፣ ምስር ነው። እንኳን አደረሰሽ! ልደታ ዛሬ ሞልታ አልነበር? እኔማ ቅዳሴው እንዳበቃ ሹልክ አልኩ፤ ሱቁን ለማን ትቼ? ነጅማን "እስቲ አንድ ዓይንሽን ጣል አድርጊልኝ" ብያት ብሄድ፣ ስመለስ የራሷን ሱቅ ትታ የኔን ስትሸጥ አገኘኋት። ያውም ከኔ በተሻለ ዋጋ! ጎረቤት እንግዲህ እንዲህ ነው...

ጉልበትሽስ? ሐኪሙ አሁንም ደረጃ አትውጪ ነው የሚልሽ? ታዲያ ምን ቸገረሽ! አማችሽ ሊሆን የመጣው ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት አለው አሉ። ወደ ላይ የሚያወጣው ቁልፍ የቱ እንደሆነ ደግሞ ከኛ ሁሉ ቀድሞ ያወቀ ልጅ ነው... ምነው? ደስ ብሎኝ እኮ ነው!

ሰማሁ፣ እንዴት አልሰማም። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ሳሎንሽ መሃል ተገትረው፣ ሸዋንግዛው ደግሞ ከደስታው ብዛት የቤቱ አባወራ መሆኑን ረስቶ አብሯቸው ቆመ አሉ። ለልጅሽ ለሶፊ! ያቺ እዚህ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥላ ከረሜላ ትመርጥ የነበረች ልጅ ዛሬ ሽማግሌ አቆመች። ደግ አደረጋችሁ "ዘመድ እናማክር፣ ለፊታችን እሑድ ተመለሱ" ማለታችሁ። ወጉ ነው። ልጅ የሚሰጥ ሰው ዘመድ ያማክራል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። አለዚያማ ሰው ስለ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ ያወራውን ሰምቶ ልጁን ይድራል እንዴ?

እና እኔን ልትጠይቂ መጣሽ። "ሳሙና ፈልጌ ነው" አትበይኝ፤ ትናንት ነው ሁለት የወሰድሽው፣ ምን ብታጥቢበት አለቀ? ይልቅ ጠይቂኝ። ስለሱ ከኔ አፍ ክፉ አይወጣም። ስሙን ብቻ አልጠራም፤ የትልቅ ሰው ስም በክብሪትና በሽንኩርት መሃል አይጠራም።

ደግሞ "ድምፅሽን ቀንሺ" ትይኛለሽ! አይቻታለሁ መኪናዋን፤ ደጄ ላይ አይደል የተገተረችው? እሱም ቤኪ ጋ ፀጉሩን ሊስተካከል ገብቷል። በኔ ሱቅና በቤኪ ፀጉር ቤት መሃል ያለችው ይቺው ቺፑድ ናት፤ አዎ፣ እዚያ ላስነጠሰው ሁሉ እዚህ ሆኜ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ታዲያስ? ድምፅ የሚቀነሰው ለሐሜት ነው። ሰውን ለማመስገን ተደብቀን እንንሾካሾክ? ይስማ! የቤኪ ቶንዶዝ ደግሞ ይጮሃል፣ ቢሰማም ግማሹን ነው።

ይኼን ሁሉ ፀጉር ቤት ትቶ ወደ አብነት፣ ወደ ቤኪ መመለሱስ አይገርምሽም? "የጥንቱን አልረሳም" ነው ነገሩ። እውነቱን ነው፣ አይረሳም። የሚጠፋበት ሰው ነው እንጂ ወንበሩንማ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።

እንዴት ያለ ጸሐፊ ነበር መሰለሽ! ነው... ኧረ አሁንም ነው። እኔ እኮ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ማንበብ የለመድኩት በመጠቅለያ ነው፤ በርበሬ የምቋጥርበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳልቋጥርበት በፊት አነበዋለሁ። ስንቱን ወሬ ራሱን ሳላገኝ ጅራቱን አንብቤያለሁ! አንድ የሩቅ አገር ንጉሥ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ይሙት ይዳን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ቀሪው ከእትዬ ወለተሰንበት ሚጥሚጣ ጋር ሄዷል። "መቅረዝ" የሚባለውን ዓምድ ግን ሙሉውን ነበር የማነበው፤ በየሳምንቱ፣ አዲሱን፣ በገንዘቤ ገዝቼ። መቅረዝ ላይ በርበሬ ቋጥሬ አላውቅም።

መቅረዝ ማን እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል፤ አንድ ሰው አልነበረም። ጌጃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ያቺን ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ ፍስሐና... ሌላኛው። ሁለት ሰው፣ አንድ የብዕር ስም። ማን የትኛውን እንደጻፈ ከነሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቃልም ተገባብተው ነበር፤ አንዱ ቢያዝ "መቅረዝ እኔ ብቻ ነኝ" ሊል፣ ውጭ የቀረው ደግሞ መጻፉን ሊቀጥል። መብራቱ እንዳይጠፋ ነው እንግዲህ። ወጣትነት! እኔ ስሙን እወደው ነበር። አሁን ሳስበው ግን መቅረዝ ምን ምርጫ አለው? የሰኩበትን ሻማ ሁሉ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

ያኔ ምን ይል እንደነበር ታስታውሺያለሽ? "ድህነት የሥርዓት ውጤት ነው" ይል ነበር። እኔ ይቺን ሳነብ አለቀስኩ። ለካስ የኔ ስንፍና አይደለም፣ ለካስ የሆነ ሰው አስቦበት ነው አልኩ። አሁን ደግሞ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን፣ ያን የመሰለ ሱፍ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ "ድህነት የአስተሳሰብ ውጤት ነው" ይለናል። አየሽ ቁጠባውን? አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀየረው፤ ሌላው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ነው። እኔ ደግሞ እዚችው በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በሥርዓት ድሃ የነበርኩት ሴትዮ በአስተሳሰቤ ድሃ ሆንኩ። ከቦታዬ ንቅንቅ ሳልል! ስኳሩም ያው፣ ሻማውም ያው፣ ኪራዩ ብቻ ነው በአስተሳሰቡ የበለጠኝ።

ሰዎች ይናገራሉ። "ተገለበጠ" ይላሉ። ምቀኞች! ሰው ሐሳቡን አይቀይርም እንዴ? ይኼን እንኳ ከልቤ ነው የምልሽ ቦሰና፤ አንድ ሰው አንብቦ፣ ተጨንቆ፣ እንቅልፍ አጥቶ "እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነበር" ቢል ከመቀመጫዬ ብድግ ነው የምልለት። ያ ትልቅ ሰው ነው። የኛ ሰው ግን እንደሌላው ሲጨነቅ አላየሁትም... አእምሮው ፈጣን ነው። ሌላው በዓመታት የማይጨርሰውን እሱ ጢም በመላጨት ይጨርሰዋል። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል" አይደል የሚሉት አባቶች? እሱ ከአባቶችም በለጠ፤ የመጀመሪያው እስኪሰበር ማን ይጠብቃል ብሎ ነቅሎት ሄደ። ሌላ ሰው ተንጠልጥሎበት እንደነበር ብቻ ልብ አላለም።

ቤኪዬ! እንግዲህ አደራ፣ ከግራው አንስተህ ወደ ቀኙ አስተኛው፤ እንደዚያ ሲሆን ነው የሚያምርበት!

ምን ትጎሽሚኛለሽ? ስለ ፀጉር ነው ያወራሁት።

እሺ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ። ሰባት ቤት አስቆጠራችሁ? ቆጠሩላችሁ? ጎበዞች። ሰባት ትውልድ መቁጠር ለሱ ቀላል ነው፤ የወጣባቸውንና የገባባቸውን ቤቶች ቁጠር ቢባል ነው እሑድ የማይበቃው። ደግሞ ዋናው ተናጋሪ አቶ በሱፍቃድ ነበሩ አልሽኝ? የዘይት አከፋፋዩ? ውይ... ውይ እንዴት ያለ ነገር ነው! እርቅ እንዴት ደስ ይላል!

ረሳሽው እንዴ? ሸዋንግዛውም ረስቶታል? እንዲህ ነዋ፤ እሱም "ሁሉም ረስቶታል" ብሎ ነው የላካቸው። የዘይቱ ጊዜ! ያ ሁላችንም ባዶ ጀሪካን ይዘን ከልደታ እስከ አብነት ስንሰለፍ የነበረ ጊዜ። መቅረዝ "ለሰፈሩ የመጣው ዘይት በማን መጋዘን አደረ?" ብሎ ጻፈ። መጋዘኑ የአቶ በሱፍቃድ ነበር። "ስሜ ጠፋ" ብለው የከሰሱትም እሳቸው ነበሩ። ፖሊሶች ጌጃ ሰፈር ያቺ ክፍል ድረስ መጥተው "መቅረዝ ማነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ ፍስሐ ብቻውን ሻይ እየጠጣ አገኙት። "እኔ ነኝ" አለ። "ሌላስ?" አሉት። "ሌላ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ" አለ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

ክረምቱን እስር ቤት ከረመ። መስቀልም እዚያው አለፈበት። ስንቁን ተራ ገብተን ስናመላልስ ያንቺ ቀን ማክሰኞ አልነበር? ሽንብራ አሹቅ ትልኪለት ነበር፣ ጥርሱን አሞት ማኘክ አቅቶት ለሌሎች እያከፋፈለ "የእትዬ ቦሰና ነው" ይል ነበር አሉ። ሶፊ አይደለች ሰሃኑን ይዛ የምትሄድ የነበረችው? ያኔ እኮ ገና የኮሌጅ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን አቋርጣ እስር ቤቱ በር ላይ ዝናብ ሲመታት ትውል ነበር።

ፍስሐ ከመያዙ በፊት፣ በዘይቱ ሰሞን ታዲያ እኔ እዚህ ጓዳ ውስጥ አንድ እንግዳ ነበረኝ። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የእንግዳ ስም አይወጣም። ጽሑፍ መጻፍ የሚወድ እንግዳ ነበር። ቤቱ ሲረብሸው እዚያ ስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላውን ጆንያ ጠረጴዛ አድርጎ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ለኔ ያነብልኛል። እኔ! ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ትርንጎ! "እትዬ ትርንጎዬ፣ እርስዎ ከገባዎት ሕዝብ ገባው ማለት ነው" ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን ትዝ ይለኛል፣ ሽሮው አሮ ተነሳ!

እና አንድ ቀን ያ እንግዳ ስለ ዘይት ሲጽፍ፣ እኔ ባዶ ጀሪካኔን እያየሁ "ዘይት ወደ ታች ይፈሳል ይላሉ፤ በኛ ሰፈር ግን ወደ ላይ ነው የሚፈሰው" አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፣ ለማንም አይደለም። ብድግ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። "ይቺን ልውሰዳት?" አለኝ። ውሰዳት፣ ምን ይሠራልኛል አልኩት። ወሰዳት። ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጭ ብላለች፣ የኔው ዓረፍተ ነገር! አገር ሁሉ ተቀባበላት። ፍስሐ ያን ሰሞን ከተማው ውስጥም አልነበረ፤ ወሊሶ ለቅሶ ሄዶ፣ የተመለሰው ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ነው።

ውይ... ቶንዶዙ ቆመ። ቤኪ! መብራት ሄደ እንዴ ልጄ? እኛ ጋ እኮ አለ!

ያስተካክለው፣ ተይው።

ምን ሆንሽ? ምስር ላይ አትደገፊ አላልኩሽም? ውሃ ልስጥሽ? እኔ እኮ ስለማንም አላወራሁም፤ ስለ አንድ እንግዳ ነው ያወራሁት። ፍስሐ የተያዘ ዕለት ይኸው እንግዳዬ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ጋቢዬን ደረብኩለት፣ የጓዳውን በር ከውጭ ቆልፌ ሱቄን ከፈትኩ። ሰው ሲመጣ እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ። ማታ ማታ ሽሮ ነው ያበላሁት። አንድም ቀን ጨው በዛ አላለኝም፤ ጨዋ ነበር። "ፍስሐ ሲወጣ እግሩን ስሜ ነው የምቀበለው" ይል ነበር። አንድ ጧት ቁርስ ይዤለት ብገባ የለም። ጋቢዬን አጣጥፎ ጆንያው ላይ አስቀምጦልኝ ሄዷል። ያን ዕለት ነው ቤኪ "እትዬ፣ አንድ ደንበኛ ጢሙን ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ ብሎኝ መልኩ ጠፍቶኝ ነበር" ያለኝ።

ቀጥሎ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው... ማንን? እንግዳዬን አላልኩም፤ ያንቺን አማች ነው ያልኩሽ። እነዚህን አታደባልቂብኝ!

እዚህ ቆሜ ዘይት እየቀዳሁ ነበር። ጠያቂዋ "ስለ ዘይቱ ጽሑፍ ምን ይላሉ?" አለችው። አዘነ። እንዴት እንደሚያዝን ታውቂያለሽ፣ ቅንድቡን እንዲህ አድርጎ። "ጓደኛዬ ስሜታዊ ነበር" አለ። "እኔ ከመጀመሪያው ተቃውሜዋለሁ" አለ። "'ዘይት ወደ ላይ ይፈሳል' የሚል ተራ የመንደር ወሬ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም፣ የጓደኛዬን ያለመብሰል ያሳያል" አለ። ዘይቱ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ ቦሰና። ወደ ታች ነው የፈሰሰው፤ የዚያን ቀን እንኳ ሕጉን አከበረ።

አልተቀየምኩም። ተራ ወሬ ነዋ፣ የመንደር ሴት የተናገረችው። የአብዬን ወደ እምዬ የሚባለውንም አልልም፤ አልወጣኝም። ደግሞ በፍትሕ እንፍረድ ካልን ቃሉን ጠብቋል እኮ! ቃሉ ምን ነበር? የተያዘው "እኔ ነኝ" ይላል፣ ውጭ የቀረው መጻፉን ይቀጥላል። ቀጠለ አይደል እንዴ? አንድ ሳምንት አቋርጧል? በየት በኩል ሆኖ ይቀጥላል የሚለውን አልተነጋገሩበትም። ይኼ እንግዲህ የፍስሐ ጥፋት ነው፤ የተማረ ሰው ቃል ሲገባባ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ አይጠይቅም?

አሁን ደግሞ አቶ በሱፍቃድ ሳሎንሽ መሃል ቆመው "ለቃሉ የታመነ ልጅ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ" አሉ። ትክክል! እሳቸው ካልመሰከሩ ማን ይመስክር? ለማን እንደታመነ አልጠየቃችኋቸውም እንጂ፣ ምስክርነቱስ እውነት ነው።

ፍስሐን? አገኘዋለሁ እንጂ። እዚያው ጌጃ ሰፈር በረንዳ ላይ ልጆች ያስጠናል። እስር ቤት የያዘው ሳል አልተወውም፤ ክፍልፋይ ሲያስተምር ያስለዋል፣ ልጆቹም አብረው ይስላሉ፣ የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው። ጓደኛው ሽማግሌ መላኩን የነገርኩት እኔ ነኝ። "እንኳን ደስ ያለው" አለኝ። "ጎበዝ ልጅ ነው" አለኝ። ተናደድኩ! "አንተ ሰው፣ እኔ እኮ አውቃለሁ፤ አፍህን ለምን አትከፍትም?" ብለው፣ "እትዬ፣ እኔ ብቻ ነኝ ብያለሁ፤ ቃሉን እሱ ቢመልስልኝ ነው እንጂ እኔ አላነሳውም" ብሎ ወደ ክፍልፋዩ ተመለሰ። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይሉ ነበር... እንዲህ ያለውን ማር ያገኘ ሰው ግን ምን ያድርግ? ማሰሮውንም ይልሳል።

ግን ስሚ፣ ዋናውን ሳልነግርሽ። ትናንት ሶፊ ከሥራ ስትመለስ ካርድ ልትገዛ ብቅ አለች። ካርዱን ይዛ አትሄድም፤ ትቆማለች። "እትዬ ትርንጎ" አለችኝ፣ "የዘይቱን ጽሑፍ የጻፈው የትኛው ነው?"

ኧረ በልደታ! ያቺ ልጅ ዓይኗ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሰው ላይ ሲተከል። ምን ልበላት? እኔ እንግዳ የማሳፍር ሰው አይደለሁም። "ልጄ፣ ይኼ እኔ የምጠየቀው አይደለም" አልኳት። "አንድ ሰው ሊያገባሽ ሽማግሌ ልኳል፤ እሱን ጠይቂው። እሱ እንደሆነ ለጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም፤ ለአንዱ ጥያቄ እንኳ ሁለት መልስ አለው።" ሳቀች ብለሽ ነው? አልሳቀችም። "እጠይቀዋለሁ" አለች። "ከእሑድ በፊት ዓይኑን እያየሁ እጠይቀዋለሁ፤ እሺም እንቢም የምለው እሱን ሰምቼ ነው።" አንቺና ሸዋንግዛው ለመልሱ ዘመድ ታማክራላችሁ፣ እሷ ግን ለብቻዋ መክራ ጨርሳለች።

እንግዲህ ምን ችግር አለው? የሚጠበቅበት እኮ ሁለት ቃል ነው። "እኔ ነኝ።" ፍስሐ ሻይ በእጁ ይዞ ያላት ናት፤ ዲግሪም አይጠይቅ፣ ስቱዲዮም አይፈልግ። ደግሞ ዛሬ ማን ያስረዋል? ከሳሹ ሽማግሌው ሆነዋል! እንዲህ በነፃ እውነት የሚነገርበት ቀን ለስንት ሰው ይገኛል? ግን ደግሞ... ማን ያውቃል፣ በሱፉ ላይ ላይሄድለት ይችላል። የሰው ልክ ይለያያል።

እኔ እንኳ እሱን ብሆንስ ብዬ አሰብኩ። እኔ እሱን ብሆን፣ ዛሬ ፀጉሬን ተስተካክዬ እንደወጣሁ መኪናዋን ወደ ቦሌ አላዞራትም ነበር፤ ቁልቁል ወደ ጌጃ ሰፈር ነው የማወርዳት። በረንዳው ጋ ቆሜ ልጆቹ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። ምን እንደምል አላውቅም። ስለት ያለበት ሰው እንደሚያደርገው ዝም ብዬ እቆማለሁ መሰለኝ... አይ፣ ተዪው። እኔ እሱን አይደለሁም፤ እንዲያ ያለ እውቀት የለኝም።

ምን ይላል ቤኪ? "ጌታዬ፣ አልጨረስኩም" ነው የሚለው? ወጣ እንዴ? ውይ፣ በዚህ ወገን ብቻ ተስተካክሎ! እስቲ ቀስ ብለሽ እይው፤ አንገቱ ላይ ጨርቁ እንደታሰረ ነው የወጣው። አይዞህ ቤኪ፣ ይመለሳል፤ ግማሽ ጭንቅላቱን ይዞ ቴሌቪዥን አይቀርብም... አይ፣ እኛን አላየም። እያየ ነው ያላየን። ከኔ ጋር እንዲያ ነው ሰላምታችን፣ ለምደነዋል።

መኪናዋ ውስጥ ገባ። ቁጭ ብሏል፣ አያስነሳትም። መስታወቱ ግን ክፍት ነው...

እንባሽን ጥረጊ ቦሰና፣ ሰው ሽንኩርት ያስከተፍኩሽ ይመስለዋል። እሑድ ምን ትመልሻለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ የናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ተጠየቅኩ፣ አመሰገንኩ። ሽማግሌ ሲመለስም ባዶ አፉን አይመለስም፣ ምርቃት ይሰማል፤ ቀድሜ ልመርቅ፣ ምን ይላል? ድምፄም ከፍ ይበል፣ ምርቃት ከሰማይ በፊት ደጅ ያለው ቢሰማው ደግ ነው።

እግዚአብሔር ጎጆውን ያሙቅለት። መሶቡ አይጉደል። በር በተንኳኳ ጊዜ የሚደበቅበት ጓዳ አይሻ፤ ቢሻም አይጣ። ከኛዋም ይሁን ከሌላ፣ አምላክ ከጻፈለት፣ በኩሩ ወንድ ይሁንለት፤ ፍስሐ ብሎ ለመሰየም ያብቃው፤ ያን ስም ጧት ሲቀሰቅሰው፣ ማታ ሲያስተኛው፣ በየቀኑ በገዛ አፉ እየጠራ፣ ፀጉሩ ጥጥ እስኪመስል ዕድሜ ሰጥቶ ያቆየው።

አሜን በይ እንጂ፣ ቦሰና።